ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ኳስ

ዘነበ የደወለልኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ጋምቤላ አብረን ያስተማርን የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ እኔ ከወጣሁ በኋላም እዚያው ቀርቷል። ብዙ ጊዜ የሚደውለው ለበዓል ስለሆነ ስልኩን ሳነሳ ደህና ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

«ጋሽ ኡቻን አረፉ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?» አልኩት። ሰው ሞተ ሲባል እንዲህ አይጠየቅም፤ ነፍስ ይማር ነው የሚባለው። አፌ ላይ የመጣው ግን ይሄ ነው።

«ቀብር ላይ ነበርኩ።»

ከዚያ በኋላ ነው ነፍስ ይማር ያልኩት። ዘነበ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «መርዘዋቸው ነው እየተባለ ነው» አለ።

«ማነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ። ከተማው።»

«ስኳር ነበረባቸው እኮ። እግራቸው አልድን ብሎ አልነበር?»

«ነበር። ግን ታውቂዋለሽ አገሩን።»

አውቀዋለሁ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ጋምቤላ ውስጥ ዝም ብሎ ታሞ የሚሞት ሰው አልነበረም። ከእያንዳንዱ ሞት ጀርባ የሆነ ሰው እጅ ይፈለጋል። ጋሽ ኡቻን በሕይወት ሳሉ መጠርጠራቸው ሳያንስ፣ አሁን ደግሞ ሞታቸው መጠርጠሩ አናደደኝ። ስልኩን ዘግቼ ምሳዬን ሳልበላ ተነሳሁ።

ያወቅኳቸው ክልሉ ገና በተቋቋመባቸው ዓመታት ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ዕጣ ደርሶኝ ባዮሎጂ ላስተምር ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል። ትናንት መኖሪያ የነበረ ቤት ዛሬ ቢሮ ሆኖ ያድራል። ወንበር የሌለው ቢሮ ነበር፣ ሹም የሌለው ወንበርም ነበር። ከአካባቢው ተወላጆች መካከል ትምህርቱን የገፋ ሁሉ ለሹመት ይፈለጋል፤ ከደጋ የመጣነው ሠራተኞች ደግሞ ማን ከላያችን እንደሚቀመጥ እንጠብቃለን። ሁሉም ሁሉንም በዓይኑ ጥግ ያያል። ሰላምታ እንኳ ሲሰጥህ፣ ለምን ዛሬ አጥብቆ ጨበጠኝ ብለህ ታስባለህ።

በዚህ መሃል ነው ከመቱ በመጣ የጭነት መኪና አንድ ረጅም፣ ጠጉራቸው ከጆሯቸው በላይ የሸበተ ሰው የብረት ሻንጣ ይዘው የወረዱት። አኙዋክ ናቸው፤ የተወለዱት ባሮ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። ልጅ ሳሉ ጎሬ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሩሲያ። ጠቅላላ ከሃያ ዓመት በላይ ጠፍተው መመለሳቸው ነበር። ሩሲያ የተማሩት ፊዚክስ ነው፤ የሠሩትም ሌዘር በሚባለው ብርሃን ላይ ምርምር በሚደረግበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ወዲያው የቢሮ ኃላፊነት ቀረበላቸው፣ ከነመኪናው። አመሰግናለሁ፣ እኔ ግን ማስተማር ነው የምፈልገው አሉ።

ነገር የጀመረው ከዚህ ነው። የገዛ ወገኖቻቸው፣ ይህን የሚያህል ወንበር የሚገፋ ሰው ሌላ ቦታ ደመወዝ ቢኖረው ነው አሉ። የእኛዎቹ ደግሞ፣ እምቢ ያለው ከዚያ የሚበልጥ ቃል ተገብቶለት ነው አሉ። ዶክተር ሲሏቸው፣ «ዶክተር አይደለሁም፣ የሩሲያው ማዕረግ ሌላ ነው» ብለው ያርማሉ፤ ይኼኔ ዲግሪውም እንጃ ተባለ። እኔም ጠርጥሬያቸው ነበር። ይህ ነው የምለው ምክንያት አልነበረኝም፤ ሁሉም እየጠረጠረ ለብቻ ማመን ሞኝነት መስሎ ይታየኝ ነበር።

የሚገርመው ከሁላችንም የባሱት ተጠራጣሪ እሳቸው ነበሩ። ገበያ ዓሣ ሲገዙ አገላብጠው፣ ስንጥቡን ገልጠው፣ ዞረው ደግሞ ከሻጭዋ በኩል አይተው ነው። ሴቶቹ ይስቁባቸዋል። ማንጎ ከመላጣቸው በፊት በሦስት ጣታቸው ይይዙትና ቀስ አድርገው ያዞሩታል። ባዶ እጃቸውን ሆነው ሲያስቡም ጣቶቻቸው የማይታይ ነገር እንደያዙ ያዞራሉ። ተማሪ ትክክለኛ መልስ ሲመልስ ጎበዝ አይሉትም። «ከየት በኩል አየኸው?» ይሉታል። ልጁ በሌላ መንገድ ሠርቶ እዚያው መልስ ላይ ካልደረሰ ማርክ የለም። እኛንም አይምሩንም። ዘነበ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ «ዳይሬክተሩ ሊነሳ ነው አሉ» ብሎ ሲጀምር ጋሽ ኡቻን ከጋዜጣቸው ቀና ይሉና፣ «ከየት በኩል አየኸው?» ይሉታል። ዘነበ ይናደዳል፤ ወሬው ግን እዚያው ይቀራል።

ከሁሉ የከበደው ጥርጣሬ የመጣባቸው ከእህታቸው ነው። አሪየት ትባላለች፤ ታላቃቸው ናት። ከድልድዩ ማዶ በቆሎ ትዘራለች፣ ዓሣም አድርቃ ገበያ ታወጣለች። ከእሳቸውና ከእሷ በቀር ከቤተሰቡ የቀረ አልነበረም። ጋሽ ኡቻን በተመለሱ ማግስት ሄዱላት። ታሪኩን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይነበብ።

«በር ላይ ቆማ ብዙ አየችኝ። ከዚያ፣ ወንድሜ የታች ጥርስ የለውም አለች።»

በልጅነት የታች የፊት ጥርሶችን ማስነቀል በአካባቢው የቆየ ልማድ ነው፤ እሳቸውም ተነቅለዋል። ሩሲያ ሳሉ ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብተዋል።

«ታዲያ ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«አውልቄ አሳየኋታ።»

«ምን አለች?»

«ጥርስ የሌለው ሰው ብዙ ነው አለችኝ።»

ከዚያ ወዲህ አሪየት ሲሄዱ ትቀበላቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፤ በስማቸው ግን አትጠራቸውም። ገበያ ላይ «ያ ሰውዬ» ነው የምትላቸው። ወንድምሽ እንዴት ነው ሲሏት፣ «ወንድሜ ውኃ ይፈራ ነበር። ያ ሰውዬ ይዋኛል» ትላለች። ይህን ያልሰማ የከተማ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን እኔ እያስተማርኩ ከጎን ካለው ክፍል ጩኸትና ሳቅ ሰማሁ። ወጥቼ በመስኮት ሳይ ጋሽ ኡቻን ውኃ የሞላ ትልቅ ፊኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ተማሪዎቹን ዙሪያውን አቁመዋል። «በመዳፋችሁ ግፉ፣ ሁላችሁም እኩል፣ ሁላችሁም አንድ ላይ» ይላሉ። ልጆቹ ገፉ። ፊኛው በዚህ ሲይዙት በዚያ እያበጠ፣ በሁለት ልጆች እጆች መካከል ሾልኮ ፈነዳና ሁሉንም አረጠባቸው።

«ማነው ያበላሸው?» አሉ፤ እሳቸውም ሸሚዛቸው ርሷል።

ልጆቹ አንድ ጡንቸኛ ተማሪ አሳዩ። እሱ ነው በኃይል የገፋው።

«አይደለም» አሉ። «ያልገፋው ነው። ውኃው በማን በኩል እንደወጣ አላያችሁም?»

በእረፍት ሰዓት ምን እያስተማሩ እንደነበር ጠየቅኳቸው። እንደ ሌላው ሰው ስለ ሩሲያ አያወሩም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሸሚዛቸው እስኪደርቅ ከውጭ ዛፉ ሥር ተቀምጠን አወሩኝ።

«ከጤፍ ፍሬ የምታንስ የመስተዋት አረፋ አስቢ» አሉ። «ባዶ አይደለችም፤ ውስጧ ጋዝ አለ፣ ከባድ የሚባለው ሃይድሮጂን። ከየአቅጣጫው ሌዘር ትለቂባታለሽ። የመስተዋቱ ቆዳ ተንኖ ወደ ውጭ ሲበተን የቀረው ወደ ውስጥ ይወረወርና ጋዙን ይጨምቀዋል። ክብነቷ ሳይዛባ ከተጨመቀች መሃሏ እንደ ፀሐይ መሃል ይግላል፤ ሃይድሮጂኑ ይዋሃድና ጉልበት ይሰጣል። ዓይንሽን እስክትጨፍኚ እንኳ አይቆይም።»

«ከተዛባችስ?»

«በአንዱ ወገን ብርሃኑ ትንሽ ከደከመ፣ ወይም ትንሽ ከዘገየ፣ ጋዙ በዚያ በኩል ይሸሻል። ያ ሁሉ ብርሃን ለከንቱ ነው። የእኔ ሥራ ኳሷን ክብ ማድረግ አልነበረም። ለምን ክብ ሆና እንደማትጨመቅ ማወቅ ነበር። ወጣትነቴ በሙሉ ያለቀው በዚያ ነው።»

ከዚያ ስለ አንድ ቀን ነገሩኝ። ኳሷ ስትጨመቅ የተነሳው ፎቶ ጨረቃ የመሰለ ክብ ሆኖ ወጣ። አለቃቸው ጠርሙስ አስከፈተ፣ ለበላይ አካል ሪፖርት ተላከ። እሳቸው ግን ካሜራው ያለው በአንድ መስኮት ብቻ ነው፣ ከጎንም እንይ አሉ። ሌላ ካሜራ እስኪገኝ ወራት ፈጀ። ከጎን ሲነሳ ኳሷ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፋለች። ከፊት የሚያያት ክብ ትመስለዋለች እንጂ ክብ ሆና አታውቅም።

«አለቃዎ አመሰገነዎት?» አልኳቸው።

«ሪፖርቱ ሄዶ ነበር እኮ» አሉ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ስገባ የሚያወሩት ወሬ ይቋረጣል።»

በሌላ ቀን ጠዋት ወደ ባዮሎጂ ቤተ ሙከራችን መጡና ስለ ሸረሪት ጠየቁኝ። በጣም ቀጭን፣ አቧራ የማይዝ፣ የማይበጠስ ክር የምትሠራው የትኛዋ ናት አሉ። ገረመኝ። ሸረሪት የተለያየ ዓይነት ክር እንደምትሠራ፣ ዝንብ የምትይዝበት ሙጫ ስላለው አቧራ እንደሚሰበስብ፣ እሷ ራሷ ተንጠልጥላ የምትወርድበት ግን ደረቅና ጠንካራ መሆኑን ነገርኳቸው። ከትልቋ ይልቅ የግልገሎቹ ይቀጥናል አልኳቸው። በትኩረት ሰሙኝ። «ለምንድን ነው?» ስላቸው «ለማስተማሪያ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ወደ ባሮ ዳር ሲወርዱ አያቸው ጀመር። በድሮው ወደብ አካባቢ ካሉት ማንጎ ዛፎች ሥር ይቆማሉ። ከሽቦ የሠሯቸው ቀለበቶች አሏቸው፤ ግልገል ሸረሪቷን በጭራሮ ነካ አድርገው ሲያስወርዷት የምትስበውን ክር በቀለበቱ ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፋሉ፤ ከዚያ ቀለበቱን በጥጥ ሸፍነው ብረት ሻንጣቸው ውስጥ ያስገባሉ። ነፋስ ከመነሳቱ በፊት መጨረስ አለባቸው። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሥራ ፈተው ያያሉ። በወንዙ ቁልቁል ካለችው ከማታር የመጡ ባለጀልባዎች ዕቃ ሲያወርዱ ቆም ይላሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሰውየው ባዶ አየር እየያዙ ሻንጣ ውስጥ የሚከቱ ነው የሚመስሉት።

መጀመሪያ መተት ነው ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሰው፣ ከማንጎዎቹ ሥር ሲቆም ድልድዩ ወለል ብሎ እንደሚታይ አስተዋለ፤ ድልድዩን ደግሞ ወታደር ይጠብቀዋል። ወሬው በአንድ ሳምንት ከመተት ወደ ስለላ ተሻገረ። እኔ ራሴ አንድ ጠዋት ሄጄ እሳቸው ከሚቆሙበት ቆሜ አየሁ። እውነትም ድልድዩ ይታያል። ሸረሪቶቹም አሉ። የትኛውን ሊያዩ እንደሚመጡ ከቆሙበት ሆኖ ማወቅ አይቻልም ነበር። ለማስተማሪያ ካሉኝ ወዲህ ደግሞ ያን ድር ክፍል ውስጥ ያየው ተማሪ የለም።

ፖስታ ቤት ወደ ውጭ የሚሄድ ጥቅል ይፈተሻል። ጋሽ ኡቻን ወደ ሩሲያ የሰጡት ጥቅል ሲከፈት በጥጥ የተጠቀለሉ ባዶ የሽቦ ቀለበቶች ተገኙ። ሌላ ምንም የለም። መሣሪያ ቢገኝ ኖሮ ሰው እንዲያ የሚደነግጥ አይመስለኝም። በዚያው ቀን የጸጥታ ሰዎች ከክፍል ጠርተው ወሰዷቸው።

መምህራን ክፍል ውስጥ የእሳቸው ወንበር አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። ሻይ አብረዋቸው የጠጡ ሁሉ አልጠጣንም ማለት ጀመሩ። ዘነበ እንኳ፣ «እኔ መጀመሪያም ከእሳቸው ጋር ተግባብቼ አላውቅም» አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እኔ ተጠራሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ቀን መብራት ስለሌለ የጣሪያው ማራገቢያ ቆሟል። ከጠረጴዛው ኋላ ለጸጥታ ጉዳይ የተመደበ አቶ ታምሩ የሚባል ወፍራም ሰው ተቀምጧል። ዳይሬክተራችን አለ። አንድ ደሳለኝ የሚባል የውኃ ሥራ መሐንዲስም አለ፤ ሳይንሱን እንዲመረምር ነው ያስመጡት። ጋሽ ኡቻን ግድግዳ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ የጫማቸው ክር ወጥቷል።

አቶ ታምሩ አንዱን ቀለበት አንስቶ ወደ መስኮቱ ዘረጋው። «ምን ይታይሻል?» አለኝ።

«ምንም።»

«ለእኔም ምንም። ሰው ለምን ባዶ ሽቦ ጠቅልሎ ሩሲያ ይልካል?»

«ባዶ አይደለም። ወደ ብርሃኑ ትንሽ ያዘንብሉት።»

አዘነበለው። ክሯ ብልጭ አለችና ጠፋች። ቀለበቱን ቶሎ አስቀመጠው።

«የሸረሪት ድር ነው» አልኩ። «ሲሰበስቡ አይቻለሁ። የትኛው ክር እንደሚሻል የነገርኳቸውም እኔ ነኝ።»

«ለምን እንደሚፈልገው ነግሮሻል?»

«ለማስተማሪያ ብለውኛል።»

«ወደ ሩሲያ እንደሚልከው?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

ይህን ስል ወደ አግዳሚው አላየሁም። እዚያው ተቀመጪ አለኝና ወደ እሳቸው ዞረ። «እርስዎ ያስረዱን እስቲ።»

ጋሽ ኡቻን ለእኔ እንዳስረዱኝ፣ ከጤፍ ስለምታንሰው ኳስ አስረዱ። «ኳሷን የሆነ ነገር አንጠልጥሎ ሊይዛት ይገባል» አሉ። «በመስተዋት ዘንግ ስንይዛት ዘንጉ የነካት ቦታ ላይ አጨማመቋ ይዛባል። የሸረሪት ድር ግን በጣም ስለሚቀጥን ብዙም አይጎዳትም። ድሩ ለዚህ ነው።»

መሐንዲሱ ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጠራበትን ሥራ ነው የሠራው። «ሃይድሮጂንን ጨምቆ ማዋሃድ ማለት» አለ፣ «የሃይድሮጂን ቦምብም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው።»

ቦምብ የሚለው ቃል ክፍሉን ሞላው። ሁላችንም እሳቸውን አየን። በፍጹም ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«እውነት ነው» አሉ። «ይዛመዳል።»

ዳይሬክተሩ ላቡን ጠረገ።

«እኛ ለመብራት ነው ተብለን ነው የሠራነው» ብለው ቀጠሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ። «ከውኃ በሚወጣ ሃይድሮጂን ከተማ ለማብራት። እኔም አምኜ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ስለ ኳሷ መዛባት የሠራሁት ስሌት ሌላ ቦታ ተወስዶ እንደሚነበብ ደረስኩበት። ከክፍላችን ጀርባ አንድ በር ነበር። ወዴት ነው የሚያስገባው ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩት። በር የለም አለኝ። በማግስቱ ስገባ በሩ ላይ ቁም ሳጥን ተገትሯል። ከዚያ በኋላ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ለቅቄ መጣሁ።»

«እንዲህ ከጠረጠርካቸው ታዲያ ድሩን ለምን ትልክላቸዋለህ?» አለ አቶ ታምሩ። እርስዎ ማለቱን ትቷል።

«ለእነሱ አልላክሁም። ለሊዳ ነው።»

«ሊዳ ማናት?»

«ኳሶቹን ድር ላይ የምትሰቅለው እሷ ናት። እዚያ የነበረው መንግሥት ከፈረሰ ወዲህ ደመወዝ የለም፤ የምትኖረው በሰቀለችው ልክ ነው። እዚያ ደግሞ ብርዱ ሲገባ ሸረሪት አይገኝም።»

«ሚስትህ ናት?»

ጣቶቻቸው የማይታየውን ነገር ማዞር ጀመሩ። «ነበረች» አሉ።

«አሁን ለማን ነው የምትሰቅለው? ማነው የሚከፍላት?»

«አላውቅም።»

«አታውቅም?»

«አልጠየቅኳትም።»

አመንኳቸው። አምኜም ደነገጥኩ። ዓሣ ዞረው ሳያዩ የማይገዙ ሰው ይህን አንድ ነገር ዞረው ማየት ፈርተዋል። ቢያዩት ኖሮ ክሩን መላክ አይችሉም ነበር፤ ሳይልኩ ደግሞ ለሴትዮዋ የሚያደርጉላት ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

አቶ ታምሩ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «አንተ ራስህ ማን እንደሆንክ የሚያውቅ አለ?» አለ። «የተወለድክበት ወረቀት የለም። ሃያ ዓመት ያየህ የለም። እህቱ ናት የምትባለዋ እንኳ አላውቀውም ትላለች አሉ።»

ጋሽ ኡቻን ወደ እግራቸው አጎነበሱ።

«ትጠራ» አለ አቶ ታምሩ። «ካወቀችው ዋስ ትሁነውና ይሂድ። ካላወቀችው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ይላካል።»

እንዲህ ተብሎ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ፣ መመለሱንም የሚያውቅ አልነበረም። መኪና ድልድዩን ተሻግሮ ሄደ።

አሪየትን ከሥራዋ ላይ ነው ያመጧት። ቀሚሷ ጫፉ ርሷል፤ እጇ ዓሣ ዓሣ ይላል። የደረቀ ዓሣ የታሰረበት ጥቅል ከራሷ ላይ አውርዳ በሩ አጠገብ አስቀመጠችና ቆመች። ተቀመጪ ቢሏት እምቢ አለች። ወደ ጋሽ ኡቻን አላየችም፤ እሳቸውም እግራቸውን ነበር የሚያዩት።

አቶ ታምሩ በጣም ለስለስ ብሎ ነው የጠየቃት። «አሪየት፣ አይዞሽ፣ አንቺን የሚነካሽ የለም። እውነቱን ብቻ ንገሪን። ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

አሪየት የአቶ ታምሩን ፊት አየች። በጣም ብዙ አየችው፤ እሱ ወንበሩ ላይ እስኪቁነጠነጥ።

«ማን ነው ይሄ ሰው?» አላት እንደገና።

«ወንድሜ» አለች።

«ገበያ ላይ እንዲህ አትይም ነበር አሉ።»

«ገበያ ሌላ ነው።»

«የአባቱ ስም ማን ነው?»

«የእኔ አባት ስም ነው።»

«አሪየት፣ ውሸት ከሆነ አንቺም ትጠየቂያለሽ።»

«ወንድሜ ነው» አለች። «ቀለም አምጣ።»

የዋስትናው ወረቀት ተጻፈ። አሪየት አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመችና ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። የቀለበቶቹ ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ጋሽ ኡቻን ይመለስልኝ አላሉም፤ ሲወጡ ግን አንድ ጊዜ አዩት። እኔ እዚያ እስከነበርኩ ድረስ ከዚያ ወዲያ ወደ ማንጎዎቹ ሲወርዱ አላየኋቸውም። ሊዳ ማን እንደሚከፍላት ጠይቀዋት እንደሆነም አላውቅም።

ስንወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ጋሽ ኡቻን ክር የሌለው ጫማቸውን እየጎተቱ ቀድመውን ሄዱ። እኔና አሪየት ከኋላ ነን። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱም ሴቱም ለእሷ አንተ ነው።

«አሁን አመንሽ?» አልኳት።

«ምን?»

«ወንድምሽ መሆናቸውን።»

ጥቅሏን ራሷ ላይ አስተካከለች። «አላውቅም» አለች። «አንተ ታውቃለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ወንድሜ ነው አልሽ?»

«ያ ወፍራም ሰውዬ ሲጠይቀኝ ፊቱን አየሁ» አለች። «አይደለም እንድል ፈለገ። በጣም ፈለገ።»

ሌላ አልጨመረችም። ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ ጋሽ ኡቻን ቆመው ጠበቁን። እኔን ሊያመሰግኑኝ ይሁን ሊወቅሱኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አሪየት መሃላችን ገባች፤ ጥቅሏን ከራሷ አወረደችና ምንም ሳትል ደረታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሸሚዛቸው ዓሣ ዓሣ እንዳይልባቸው ራቅ ሊያደርጉት ሞክረው ተዉትና ትከሻቸው ላይ አወጡት። እሷ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ድልድዩን ተሻገሩ። እኔ ከሰዓት በኋላ ክፍል ስለነበረኝ ወደ ትምህርት ቤት ታጠፍኩ።